ደጉን ቀን ማስታወስ፣ ክፉውን ቀን ማስታወስ

እ.ኤ.አ. በ1985 ፍሪትዝ ስትራክ፣ ኖርበርት ሽዋርትስና ኤሊዛቤት ግሽናይዲንገር የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በጀርመን አገር ያካሄዱትን አንድ ቀላል ሙከራ አሳተሙ። ገሚሶቹ ተሳታፊዎች በሕይወታቸው የደረሱ ሦስት ደስ የሚያሰኙ ነገሮችን፣ ገሚሶቹ ደግሞ ሦስት የሚያስከፉ ነገሮችን እንዲጽፉ ተደረገ። ከየወገኑ አንዳንዱ የሰሞኑን፣ ሌላው ዓመታት ያለፉትን ነበር የሚጽፈው። ከዚያ በኋላ በኑሯቸው ምን ያህል ደስተኛ እንደሆኑ ተጠየቁ። የሰሞኑን የጻፉት ማንም እንደሚገምተው መለሱ፤ መልካሙን ያነሣ ደስ ብሎት፣ ክፉውን ያነሣ ከፍቶት። የድሮውን የጻፉት ዘንድ ግን ነገሩ ተገለበጠ። የቆየ መከራቸውን ያስታወሱት፣ የቆየ ደስታቸውን ካስታወሱት ይልቅ በዛሬ ኑሯቸው ረክተው ተገኙ።

ውጤቱ እንግዳ ቢመስልም እኛም በኑሮ የምናውቀው ነገር ነው። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ከወሎ ተፈናቅለው፣ በእርዳታ ጣቢያ አድረው፣ ዛሬ ልጆቻቸውን ለወግ ለማዕረግ ያበቁ ሰዎች ሲጨዋወቱ የሰማ ሰው ያንን ዘመን የሚያነሡት ለማዘን ብቻ እንዳልሆነ ይገባዋል። ወሬው መሐል ላይ ዝም ያሰኛል፤ መጨረሻው ግን ብዙ ጊዜ ምስጋና ነው። ከዚያ ወዲህ የተበላ እንጀራ ሁሉ በዚያ ቀን ይለካልና። በአንጻሩ በደህና ዘመን ኖሮ ኋላ ቀን የጎደለበት ሰው ስለ ድሮ ቤቱና ስለ ድሮ ማዕረጉ ሲያወራ፣ ትዝታው ያጽናናው ወይም ያቆስለው እንደሆነ ለመለየት ያስቸግራል። ምናልባት እሱም አያውቀው ይሆናል።

አሞስ ትቨርስኪና ዴል ግሪፊን እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተሙት ጽሑፍ ይህን ጉዳይ በሁለት ከፍለው አዩት። በእነርሱ አባባል ያለፈ ነገር ሁሉ ሁለት ሥራ ይሠራል። አንደኛ፣ ስሜቱን ያወርሰናል፤ የሠርጋችንን ቀን ስናስብ የዚያን ቀን ደስታ ጥቂት ጥቂቱን እንደገና እንቀምሳለን። ሁለተኛ፣ መለኪያ ይሆናል፤ ዛሬን ከዚያ ቀን ጋር እናስተያያለን። መልካም ትዝታ በመጀመሪያው ሥራው ይጠቅመናል፣ በሁለተኛው ይጎዳናል። ክፉ ትዝታ ደግሞ በመጀመሪያው ያሳምመናል፣ በሁለተኛው ያቀናናል። እንግዲህ «ደግ ደጉን እያሰብክ ክፉውን እርሳ» የሚለው የዘመድ ምክር ግማሹን ብቻ አይቶ የተሰጠ ነው ማለት ነው።

ሆኖም የ«እርሳው» ወገን የዋዛ አይደለም፤ በሙሉ ኃይሉ ሊሰማ ይገባል። «ባለፈ ክረምት ቤት አይሠራም» ይላል ያገራችን ሰው። ሮይ ባውማይስተርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2001 በዘርፉ የተሠሩ በርካታ ጥናቶችን ሰብስበው መርምረው የደረሱበት መደምደሚያ፣ ክፉ ነገር ከደግ ነገር የበለጠ ኃይል አለው የሚል ነው። ስድብ ከሙገሳ ይልቅ ይቆያል፤ ያጣነው ካገኘነው ይልቅ ይከብደናል። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ማለታችንም ይህንኑ ያየ ነው። ክፉ ትዝታ እንዲህ ካየለ፣ በራሱ ጊዜ የሚመጣውን ጠርተን ማምጣታችን ለምን ይሆን?

ለዚህ ጥያቄ ጥሩ ማስረጃ የሆነው ሳይታሰብ የመጣ አደጋ ነው። ሱዛን ኖለን ሆክሴማ የተባለች ተመራማሪ ጥቅምት 1989 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሚማሩ ልጆች ሲከፋቸው ምን እንደሚያደርጉ በመጠይቅ ሰብስባ ነበር። ሁለት ሳምንት እንዳለፈ በአካባቢው ብርቱ የመሬት መንቀጥቀጥ ደረሰ። ተመልሳ ስትጠይቃቸው፣ ቀድሞውንም ሐዘናቸውን ደጋግመው የማብሰልሰል ልማድ የነበራቸው ተማሪዎች ከአደጋው ሰባት ሳምንት በኋላም ይበልጥ ተጨንቀው አገኘቻቸው። መንቀጥቀጡ ሁሉንም ነክቶ ነበር፤ የለያቸው ከዚያ በኋላ በልባቸው ሲያመላልሱት መኖራቸው ነው። የባሰም አለ። ጂል ፕራይስ የምትባል አሜሪካዊት ከ1980 እ.ኤ.አ. ወዲህ ያሳለፈችውን እያንዳንዱን ቀን ታስታውሳለች። ቀኑን ሲጠሩላት የት እንደዋለች፣ ምን እንደተሰማት ትናገራለች። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ስለ እርሷ ጽፈዋል፤ እርሷም በኋላ መጽሐፍ አውጥታለች። ሰው ስጦታ ነው የሚለውን ችሎታዋን እርሷ ሸክም ትለዋለች፤ የድሮ ጸጸቷ ሁሉ ትናንት የደረሰ ያህል ትኩስ ነውና። መርሳት ለሰው የተሰጠው በከንቱ አይደለም።

መልካሙን ትዝታ ብቻ መያዝ ታዲያ መፍትሔ ይሆናል? እዚህ ላይ የፊሊፕ ብሪክማንና የባልደረቦቹ የ1978 እ.ኤ.አ. ጥናት መታየት አለበት። በአሜሪካ በኢሊኖይ ግዛት ሎተሪ የደረሳቸውን 22 ሰዎችና በአደጋ አካላቸው የማይታዘዝላቸው የሆኑ 29 ሰዎችን ስለ ደስታቸው ጠየቁ። ብዙ ጊዜ የሚወራው ሎተሪ የደረሳቸው ከጎረቤቶቻቸው ይህን ያህል ደስተኛ ሆነው አለመገኘታቸው ነው። (ይህ ነጥብ አከራካሪ ነው፤ በስዊድን የተደረገ ሰፊ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2020 እንዳሳየው ብዙ ገንዘብ የደረሳቸው ሰዎች በኑሯቸው ያላቸው እርካታ ለዓመታት ከፍ ብሎ ይቆያል።) እኔን የሚያሳዝነኝ ግን እምብዛም የማይጠቀሰው ሌላው ቁጥር ነው። አደጋ የደረሰባቸው ሰዎች ከ0 እስከ 5 ባለው መለኪያ የአሁኑን ደስታቸውን በአማካይ 2.96፣ የቀድሞውን ግን 4.41 ብለው ገመቱት። የቀድሞ ኑሯቸውን ከሎተሪ ባለዕድሎቹም ከጎረቤቶቻቸውም አስበልጠው አስደሳች አደረጉት። ከአደጋው በፊት በእርግጥ ከሰው ሁሉ ይልቅ ደስተኛ ነበሩ ማለት ያስቸግራል። ትናንት ከዛሬ ላይ ሆኖ ሲታይ አብረቀረቀ፣ ዛሬም በዚያ ብርሃን ይበልጥ ጨለመ። መልካም ትዝታ ሰውን እንዲህም ያደርጋል።

በድባቴ ለተያዘ ሰው ደግሞ መንገዱ ይበልጥ ይጠብበታል። ዩታ ዮርማንና ማቲያስ ዚመር እ.ኤ.አ. በ2004 እንዳሳዩት፣ ሌላው ሰው ሲከፋው ደስ ያለውን ቀን አስቦ ስሜቱን ሲያቃና፣ የድባቴ ዝንባሌ ያለባቸው ሰዎች ግን ያንኑ አስበው አልተሻላቸውም። ለእንዲህ ዓይነት ሰው «ያሳለፍከውን ደግ ጊዜ አስብ» ማለት ያለማወቅ ጭካኔ ሊሆን ይችላል። የሚታየው ያ ደግ ጊዜ ምን ያህል እንደራቀው ነው።

እስካሁን ያየነው የሚያሳየው ደግም ሆነ ክፉ ትዝታ በራሱ ወይ መድኃኒት ወይ መርዝ እንዳልሆነ ነው። ለእኔ ዋናው ነገር ያለው በአስተዋወሱ ላይ ነው። ስትራክና ጓደኞቹ በዚያው ጽሑፍ ባወጧቸው ተከታታይ ሙከራዎች ጊዜውን ትተው አጻጻፉን ለወጡ። ነገሩ እንዴት እንደሆነ በዝርዝር፣ ዓይናቸው ላይ እስኪመጣ የጻፉት በትዝታው ስሜት ተወሰዱ፤ መልካሙ አስደሰታቸው፣ ክፉው አስከፋቸው። በአጭሩ የጻፉት ወይም ለምን እንደደረሰ ያብራሩት ግን ከስሜቱ ውጭ ቆመው ለማነጻጸር ቻሉ። ሶንያ ሉቦሚርስኪ ከሁለት ባልደረቦቿ ጋር እ.ኤ.አ. በ2006 ያሳተመችው ጥናት ሐሳቡን ይሞላዋል። ሰዎች በቀን 15 ደቂቃ፣ ለሦስት ተከታታይ ቀናት ስለ ክፉ ገጠመኛቸው እንዲጽፉ፣ እንዲናገሩ ወይም በልባቸው እንዲያስቡ ተደረገ። የጻፉትና የተናገሩት ተጠቀሙ፤ በልባቸው ብቻ ያሰቡት አልተጠቀሙም። ስለ ደስታ ቀናቸው ሲሆን ግን የተሻለው በልብ ማሰብ ሆነ። ደስታን መልሶ ማጣጣም እንጂ ለምን እንደመጣ መተንተን እንደማይጠቅምም ታየ።

ይህ እኔን አሳምኖኛል። ወደ ደጉ ቀን መግባት፣ ክፉውን ቀን ደግሞ ከደጃፉ ቆሞ ማየት ያስፈልጋል። የብዙዎቻችን ልማድ ግን ተቃራኒው ነው። ደስ ያለንን ቀን «ያኔ እኮ» ብለን መለኪያ አድርገን ዛሬን እንነቅፍበታለን፤ የተዋረድንበትን ቀን ሌሊት አልጋ ላይ ተኝተን ከነቃሉ፣ ከነፊቱ እንኖረዋለን።

ለመሆኑ ከደጃፉ መቆም የሚቻለው እንዴት ነው? ብቻውን በልቡ የያዘ ሰው ዙሪያውን ይዞራል፤ ለሌላ ሰው የሚናገር ወይም በወረቀት የሚያሰፍር ግን መጀመሪያ፣ መካከልና መጨረሻ ለማበጀት ይገደዳል። ጄምስ ፔነቤከርና ሳንድራ ቢል እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተሙት ሙከራ ተማሪዎች በአራት ተከታታይ ቀናት፣ በየቀኑ 15 ደቂቃ፣ ስላስጨነቃቸው ነገር ጻፉ። ጽፈው ሲነሡ ከበፊቱ ይልቅ ከፍቷቸው ነበር። በቀጣዮቹ ወራት ግን ወደ ሐኪም ቤት የሄዱበት ጊዜ ስለ ተራ ነገር ከጻፉት አነሰ። የዕለቱ ሕመምና የኋላው ጥቅም አንድ ላይ ይመጣሉ፤ ስለዚህ ማስታወስ ጠቀመ አልጠቀመም የሚለው መልስ መቼ እንደጠየቅነው ይለያያል።

የእኛ ለቅሶ ይህን ነገር ማንም ተመራማሪ ሳይነግረው ያውቃል። መርዶ ሌሊት ለብቻ ላለ ሰው አይነገርም፤ ንጋት ላይ ሽማግሌና ወዳጅ ተሰብስቦ ያረዳል። ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ለለቅሶ የደረሰ ሰው ሁሉ «እንዴት ሆኖ ነው?» ይላል። ሐዘንተኛዋም ሕመሙ እንዴት እንደጀመረው፣ ማን እንዳስታመመው፣ በመጨረሻ ምን እንዳለ ትናገራለች። የዕድሩ ድንኳን እስኪነሣ ያንኑ ደጋግማ ስትናገር ታሪኩ ቅርጽ ይይዛል፤ መጀመሪያ በጩኸት የተቆራረጠው በሦስተኛው ቀን ተያይዞ ይሰማል። አጠገቧ ያሉት አሮጊት ደግሞ «በቃ ልጄ፣ አታልቅሺ» ማለት ሲገባቸው ይላሉ። ከዚያ 40 ቀን አለ፣ ሙት ዓመት አለ። ተናገሪው የሚለውና እርሺው የሚለው ምክር በለቅሶ ቤት አይጋጩም፤ ለእያንዳንዱ ጊዜ ተሰጥቶታል። ከባህላችን ልንኮራበት ከሚገባን ነገር አንዱ ይህ ነው እላለሁ።

የመናገር ወገን ግን ከዚህ ተነሥቶ ሁሉም ሰው ሁሉንም ነገር ወዲያው ይናገር ቢል ይሳሳታል። በእንግሊዝ አገር የመኪና አደጋ ደርሶባቸው ሆስፒታል የገቡ ሰዎችን ባለሙያ ወዲያው ቀርቦ በአንድ ቁጭታ የደረሰባቸውን ከነስሜቱ እንዲያወጡ አደረገ። ሪቻርድ ሜዩና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2000 ከሦስት ዓመት በኋላ ያለውን ውጤት ሲያሳትሙ፣ መጀመሪያ ላይ ክፉኛ ደንግጠው ከነበሩት መካከል ያ ምክክር የተደረገላቸው ምንም ካልተደረገላቸው የባሱ ሆነው ተገኙ። በቅን ልብ የተደረገ ነገር ነው የጎዳቸው። ቁስል ሳይረጋ መነካካት እንዲህ ነው፤ ለዚያውም በማያውቁት ሰው፣ ለዚያውም አንዴ ብቻ ተነክቶ የሚተው።

ጊዜውን ጠብቆ የሚሠራውን ለማየት ወደ ሰሜን ዩጋንዳ መሻገር ይበቃል። ፍራንክ ኖይነርና ጓደኞቹ በኢምቬፒ የስደተኞች ሰፈር ጦርነት ያሳለፉ 43 ሱዳናውያንን ይዘው ያደረጉት ሙከራ እ.ኤ.አ. በ2004 ወጣ። አንዱ ወገን የታከመው ሕይወቱን ከልደቱ ጀምሮ በቅደም ተከተል እንዲተርክ በማድረግ ነው። በዚህ ሕክምና ገመድ መሬት ላይ ይዘረጋል፤ ደግ ነገር በደረሰበት ዘመን ላይ አበባ፣ ክፉ ነገር በደረሰበት ላይ ድንጋይ ይቀመጣል። ተራኪው ድንጋዩ ጋ ሲደርስ አይዘልለውም፤ ግን እዚያው አይቀርም፣ ገመዱ ወደ ቀጣዩ ዘመን ይወስደዋል። ከአንድ ዓመት በኋላ በዚህ መንገድ ከታከሙት ውስጥ የመከራው ጭንቀት ሕመም ያልለቀቃቸው 29 በመቶ ሲሆኑ፣ ሌላ ዓይነት ምክር ወይም ትምህርት ብቻ ካገኙት ግን 80 በመቶ ገደማ ነበሩ። ሰዎቹ ጥቂት ናቸው፤ ውጤቱን ከልክ በላይ ማግነን አይገባም። ቢሆንም ስለ ትዝታ ያነበብኩት ሁሉ ከዚያ ገመድ በላይ አላስረዳኝም። ክፉው ሳይካድ፣ ደጉም ሳይጋነን፣ ሁለቱም በየዘመናቸው ተቀምጠዋል።

በእስራኤል የሚኖሩ ቤተ እስራኤላውያን ታሪክ ደግሞ የሰሚውን ድርሻ ያሳያል። ከጎንደርና ከትግራይ ተነሥተው በእግር ወደ ሱዳን ሲጓዙና በሱዳን መጠለያዎች ሲጠብቁ ወደ 4,000 የሚጠጋ ሰው እንዳለቀ ይነገራል። ጋዲ ቤን ኤዜር የተባለ ተመራማሪ በልጅነታቸው የተጓዙትን አነጋግሮ በጻፈው መጽሐፍ፣ ተራኪዎቹ ጉዞውን የሚያስታውሱት በሦስት ነገር እንደሆነ ያስረዳል፤ በአይሁድነታቸው፣ በደረሰባቸው መከራና በጀግንነታቸው። ትዝታው መራር ቢሆንም አቅም ሰጥቷቸው ነበር። እስራኤል ሲደርሱ ግን ብዙው ሰው ያያቸው ራሳቸውን አድነው እንደመጡ ሳይሆን በአውሮፕላን ተጭነው እንደዳኑ ምስኪኖች ነው። ያው መከራ፣ ያው ትዝታ፣ ግን ሰሚው ሌላ ስም ሲሰጠው ኩራቱ ቀነሰ። በኢየሩሳሌም በሄርጽል ተራራ ለሞቱት የመታሰቢያ ሐውልት ቆሞ በየዓመቱ በመንግሥት ደረጃ መታሰብ መጀመሩ ለዚህ ማኅበረሰብ ትልቅ ነገር የሆነው ከሐዘኑ በላይ በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። በመንገድ ዳር ልጇን ቀብራ ላለፈች እናት ግን ሐውልቱ ምን ያህል እንዳጽናናት ከውጭ ሆኖ መናገር ድፍረት ነው።

እዚህ ላይ የደስታን ነገር ከሥሩ የሚነካ ተቃውሞ ይነሣል። ሰው ማስታወስ ያለበት ደስ ስለሚለው ብቻ ነው? በአዲስ አበባ መስቀል አደባባይ አጠገብ ያለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም በ2002 ዓ.ም. ሲከፈት ለጎብኚው ደስታ ታስቦ አልተሠራም። ልጆቻቸውን ያጡ እናቶች ፎቶግራፉን ግድግዳ ላይ የሰቀሉት እንዲካድ ስላልፈለጉ ነው። «እርሱት፣ አልፏል» የሚለው ቃል ከበዳይ አፍ ሲወጣ ምክር መሆኑ ይቀራል። ይህን ተቃውሞ ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ፤ የሚጎድለው አንድ ነገር ብቻ ይመስለኛል። ለእውነቱ ሲሉ የሚያስታውሱትም ሰዎች ሌሊት መተኛት፣ ልጅ መዳር፣ መሳቅ ያስፈልጋቸዋል፤ የምስክርነቱ ሸክም በሙዚየሙ፣ በፍርድ ቤቱና በታሪክ መጽሐፉ ሲደገፍ በእነርሱ ልብ ላይ ያለው ይቀልላል። አገር ባልያዘው ትዝታ ቤተሰብ ይታመማል።

ዳንኤል ካህነማን ያነሣውም ሌላ ጥርጣሬ አለ። ሰዎች እጃቸውን በ14 ዲግሪ ቀዝቃዛ ውኃ ለ60 ሰከንድ እንዲነክሩ፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ያንኑ 60 ሰከንድ ችለው ተጨማሪ 30 ሰከንድ ውኃው በጥቂቱ እየሞቀ እንዲቆዩ አደረገ። የትኛውን መድገም ይሻላችኋል ሲባሉ አብዛኞቹ ረጅሙን መረጡ፤ መጨረሻው ረገብ ስላለ። ስለዚህ ትዝታ የኖርነውን በትክክል አይመዝንም፤ በትዝታ የሚለካ ደስታም የተሳሳተ ነው ሊባል ይችላል። እውነት አለው። ግን ያለፈው ያለን በትዝታ ብቻ ነውና ሌላ ሚዛን ከየት ይመጣል? የፍጻሜ ነገር ይህን ያህል ከከበደ፣ በወጉ ማሰናበት፣ ይቅርታ መጠየቅ፣ የታመመን እስከ መጨረሻው አለመለየት ተራ ጨዋነት ብቻ አይሆኑም።

የሚያሳስበኝ የለቅሶ ድንኳን የማይተከልለት ሐዘን ነው። ሞት ዕድር አለው። የተደፈረች፣ በአሠሪዋ የተደበደበች፣ በእስር ቤት የከረመች ልጅ ግን ማን ይቀመጥላታል? ከ2006 ዓ.ም. ኅዳር ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዓረቢያ ተባርረው ተመልሰዋል፤ ከዚያ ወዲህም መመለሱ አላቆመም። የሚቀበላቸው ቤተሰብ ወይ «እንኳን በደህና መጣሽ፣ ያለፈውን ተዪው» ይላል፣ ወይ ያመጣችውን ሻንጣ ያያል፣ ወይ ደግሞ በመጀመሪያው ማታ ሁሉንም ንገሪን ብሎ ይከባታል። ሦስቱም አይጠቅሟትም። ዝም በል የተባለ ትዝታ በልብ ይብሰለሰላል፤ ተገዶ የወጣም፣ ከላይ እንዳየነው፣ ሊያብስ ይችላል። እህት ወይም ጓደኛ ሳትቸኩል ብትቆይ፣ ወሬው በራሱ ሲጀምር ሳታቋርጥ እስከ መጨረሻው ብትሰማ፣ ድንጋዮቹን ብቻ ሳይሆን በዚያ ቤት ምግቧን የደበቀችላትን ፊሊፒናዊት፣ የመጀመሪያ ደመወዟ ቤት የደረሰበትን ቀን፣ አበባዎቹንም ብትጠይቅ ነው የሚሻለው። ሌሊት የማያስተኛ ሆኖ ከቆየ ደግሞ የሠለጠነ ሰው ያስፈልጋል። የሥነ ልቦና ባለሙያ በየወረዳው እንደማይገኝ አውቃለሁ። ነገር ግን እነኖይነር እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጡት ሌላ ጥናት በዩጋንዳ ናኪቫሌ ሰፈር ያሉ የሩዋንዳና የሶማሊያ ስደተኞችን ያከሟቸው ሐኪሞች አልነበሩም፤ ከራሳቸው ከስደተኞቹ መካከል ተመርጠው አጭር ሥልጠና የተሰጣቸው ሰዎች ነበሩ፤ የታከሙትም ክትትል ብቻ ከተደረገላቸው የተሻለ ሁኔታ ላይ ተገኙ። በየቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አሉን፤ የዕድር ሴቶችም አሉን፤ ሐዘንተኛ አጠገብ ለመቀመጥና ለመስማት ከእነርሱ የሚበልጥ ልምድ ያለው ማን እንደሆነ አላውቅም። ሥልጠናውን ከነዚህ ሰዎች መጀመር ይቻላል።